ቀዩ መብራት በራ፣ ማንም አልመጣም

ይህ ነገር የደረሰው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ረመዳን ከሜልቦርን በጋ ጋር በገጠመበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ ሰፈርም ቀይሬያለሁ። ከአእምሮዬ ግን አልወጣ አለ። ለባለቤቴ ግማሹን ነግሬዋለሁ። ሌላውን ግማሽ፣ ማለትም ጥፋቱ የእኔ እንደነበር፣ ለሀገሬ ሰው ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ያኔ ሜልቦርን ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ትውልዴ ኮምቦልቻ ነው። አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቼ ኤሌክትሮኒክስ ተማርኩ፤ ከዚያ በሱዳን በኩል ወጥቼ ካርቱም ስድስት ዓመት ተቀመጥኩ። እዚያ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን አንድ ሱዳናዊ ዘንድ ስሠራ ዓረብኛውንም ለመድኩ። አውስትራሊያ ስመጣ ብሬብሩክ በሚባል የሜልቦርን ሰፈር አንድ መኝታ ያለው ቤት አገኘሁና ብቻዬን ገባሁበት።

ብቸኝነቱ እንዲህ ነው ብዬ ለማስረዳት ይቸግረኛል። ዓርብ ከሥራ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ፣ ሰኞ ጠዋት ለአውቶቡስ ነጂው "ሞርኒንግ" እስክል ድረስ ከማንም ጋር ቃል የማልለዋወጥበት ጊዜ ነበር። አንድ እሁድ ስልኩ ጮኸና ከመታጠቢያ ቤት እየሮጥኩ ወጥቼ አነሳሁት። የተሳሳተ ቁጥር ነው። ሰውየው ይቅርታ ብሎ ሲዘጋው ቅር አለኝ። ትንሽ ቢያወራኝ ምን ነበረበት አልኩ በልቤ።

እትዬ ዘሃራ የሚባሉ የወሎ ሰው ጎረቤቴ ነበሩ። እሳቸው ግን የማታ ሺፍት ስለሚሠሩ እኔ ስገባ እሳቸው ይወጣሉ። ደረጃው ላይ ሰላም ተባብለን እንለያያለን፤ ያችው ነበረች የሳምንቱ አማርኛዬ።

ሥራዬ ሰንሻይን የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር፤ ከጎማ ቤት ጀርባ ባለች፣ ስምንት ሰው በሚሠራባት ትንሽ ወርክሾፕ። የምንሠራው ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን የሚሆን የአደጋ ደወል ነው። ሰውየው አንገቱ ላይ በጣት የምትጫን ቁልፍ ያንጠለጥላል። ወድቆ ወይም ታሞ ቁልፏን ሲጫን፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሳጥን ቀይ መብራት ያበራና በስልክ መስመሩ ወደ ጥሪ ማዕከል ይደውላል። ከማዕከሉ ወዲያው ተመልሶ ይደወልለታል። ካላነሳ አምቡላንስ ይላካል።

የእኔ ድርሻ መበየድና ቺፖቹ ላይ ፕሮግራም መጫን ነበር። አለቃችን ግሬግ ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ንግግር የማያበዛ ሰው። አለቃን በስሙ መጥራት ስለከበደኝ፣ ብዙ ጊዜ ስሙን ሳልጠራ እጠጋውና እስኪያየኝ እቆማለሁ። ክፉ አልነበረም። ግን አብሬው በሠራሁበት አንድ ዓመት ውስጥ "ይኼን ሥሪ" እንጂ "ምን ይመስልሻል" ብሎኝ አያውቅም። ሌሎቹም እንደዚያው ነበሩ፤ በአክብሮት ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገውልኝ ያልፋሉ።

አሁን ስለ ሳጥኑ ጥቂት ልናገር፤ ያለዚያ ጥፋቴ አይገባም። ውስጡ ማይክሮኮንትሮለር የሚባሉ ሁለት ቺፖች አሉ፤ ትንንሽ ኮምፒውተሮች በሏቸው። አንደኛው የቁልፏን ምልክት ሲሰማ ቀዩን መብራት ያበራና ለሁለተኛው በአንዲት ሽቦ፣ ፊደል በፊደል፣ መልእክት ይልካል። ስልክ የሚደውለው ሁለተኛው ነው። የጋራ ሰዓት የላቸውም። አንዱ በራሱ ሰዓት እየቆጠረ ይናገራል፣ ሌላው በራሱ ሰዓት እየቆጠረ ያዳምጣል። የአንዱ ሰዓት ከመቶ አምስት እጅ ያህል እንኳ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ፣ የተላከው ፊደል ሌላ ፊደል ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቺፕ አጠገብ ክሪስታል የምትባል፣ የጣት ጥፍር የማታክል ብርማ ዕቃ ትበየዳለች። ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ምቷን አትስትም።

ኖቬምበር ላይ ክሪስታል አለቀብን። የታዘዘው በመርከብ ገና እየመጣ ነበር፤ ማዕከሉ ደግሞ ከገና በፊት ሃያ ስምንት ሳጥን ይፈልጋል። ግሬግ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰብስቦን ምን እናድርግ አለ። እኔ እጄን አነሳሁ። ካርቱም ሳለሁ ዕቃ ሲጠፋ ባለው ነገር መተካት ልማዳችን ነበር። የመጀመሪያው ቺፕ ያለ ክሪስታል፣ ሬዚስተርና ካፓሲተር በሚባሉ ሁለት ተራ ዕቃዎች ሰዓቱን ማግኘት ይችላል፤ ፕሮግራም ሲጫንበት የሰዓቱ ምንጭ የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ መቀየር ብቻ ነው አልኩ።

ግሬግም "ምቱ ትክክል ይሆናል?" ብሎ ጠየቀኝ።

እያንዳንዱን ሳጥን የኤሌክትሪክ ምት በሚያሳየው መሣሪያ፣ በኦሲሎስኮፕ፣ እያየሁ ራሴ አስተካክለዋለሁ አልኩት።

"ጎበዝ ሐያት" አለኝ። "እንዳልሽው እናድርግ።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሃያ ስምንቱን አንድ በአንድ አስተካከልኩ። ሁሉም ጠረጴዛዬ ላይ ያለ ምንም ስህተት ሠሩ። ሥራው ባለቀ ቀን ለሰው ልንገር ልንገር አለኝ፤ የምነግረው ግን አልነበረኝም። ደረጃው ላይ እትዬ ዘሃራን አግኝቼ፣ እየተቻኮሉ ሳለ ክሪስታል ሲጠፋ እኔ መላ መፍጠሬን ነገርኳቸው። "የጆሮ ጌጥ ነው ልጄ?" አሉኝ። አይ፣ የኤሌክትሮኒክስ ነው ስላቸው "አላህ ይጨምርልሽ" ብለው ወደ አውቶቡሱ ሮጡ። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ጃንዋሪ ላይ ከነዚያ ሳጥኖች አንዱ ተመልሶ መጣ። "ደንበኛዋ ቁልፉን ብጫን ማንም አልመለሰልኝም ይላሉ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጠረጴዛዬ ላይ ሃያ ጊዜ ሞከርኩት፤ ሃያውንም ጊዜ ሠራ። መልሰን ላክነው። ከአሥር ቀን በኋላ እንደገና መጣ። እንደገና ሞከርኩት፤ ይሠራል። ማዕከሉ እንደሚለው ሴትዮዋ አንዳንድ ጠዋት ያለ ምክንያት ይጫኑታል፤ ሲደወልላቸው ደህና ነኝ ብለው ማውራት ይፈልጋሉ። እኔም የጥገና ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ብልሽት አልተገኘም። ደንበኛዋ ብቸኛ ስለሆኑ ነው የሚጫኑት።" ግሬግ አንብቦ ፈገግ አለና ፈረመበት፤ ሳጥኑም ወደ ሴትዮዋ ተመለሰ።

ፌብሩዋሪ ገብቶ ረመዳን ተጀመረ። አንድ ዓርብ ቀን ሌሎቹ ምሳ ወጥተው እኔ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት። ድምፃቸው የደከመ አሮጊት ናቸው። እንግሊዝኛቸው እንደኔው የተሰባበረ ነበር። ያ ሁለት ጊዜ የተመለሰው ሳጥን የእሳቸው መሆኑን ነገሩኝ። ቀዩ መብራት ይበራል፣ ሰው አይመጣም አሉኝ። ስንት ጊዜ እንዲህ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ለራሳቸው በሌላ ቋንቋ ይቆጥሩ ጀመር፤ "ዊሄድ፣ ትኔይን፣ ትሊታ..."

ዓረብኛ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ዓረብ መሆናቸውን ጠየቅኋቸው። ቆጣ ብለው የማልታ ሰው ነኝ፣ ካቶሊክ ነኝ አሉኝ። እኔ ማልታ የት እንደሆነች እንኳ በደንብ አላውቅም ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ሳጥኑ ሁለት ጊዜ ተፈትሾ ምንም እንዳልተገኘበት አስረዳኋቸው። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው ይመስለኛል፣ ቀስ ብለው "ዪን ዋህዲ" አሉና ዘጉት።

ዋህዲ። ካርቱምም ቃሏ ያችው ናት። ብቻዬን ማለት ነው።

ያችን ቃል እኔም በስንት ቢሮ፣ በስንት ፎርም ፊት ተናግሬያታለሁ። አድራሻቸውን ከካርዱ ላይ ገለበጥኩ። ለግሬግ አልነገርኩትም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ከጠዋቱ ጀምሮ ሰሜኑ ነፋስ ከበረሃው እንደ ምድጃ ወላፈን ይገርፍ ነበር። በአውቶቡስ ፉትስክሬይ፣ ከዚያ በባቡር ያራቪል ደረስኩ። ቤታቸው ከጣቢያው ብዙ የማይርቅ፣ ፊት ለፊቱ የደረቀ ጽጌረዳ ያለበት የእንጨት ቤት ነው። ካርሜን ይባላሉ። አጭር፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ ሴት ናቸው። ከግራ ዓይናቸው በላይ ገና ያልጠፋ የቁስል ምልክት አለ። ሻሼንና የመሣሪያ ቦርሳዬን ተራ በተራ አይተው "የስልኳ ልጅ ነሽ" አሉኝና አስገቡኝ።

ሳጥኑ ወጥ ቤት፣ በምዕራብ በኩል ባለው መስኮት ሥር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። አራት ሰዓት ገደማ ነበር። ቁልፋቸውን እንዲጫኑ ጠየቅኋቸው። ቀዩ መብራት በራ፤ ብዙ ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። ከማዕከሉ የደወለችው ሴት ደህና መሆናቸውን ጠየቀች። እየሞከርነው ነው አልኳት። አራት ጊዜ ሞከርን፤ አራቱንም ጊዜ ሠራ።

ካርሜን አቀርቅረው ቀሩ። ያፈሩ መሰሉኝ፤ እኔም አፈርኩላቸው። መሣሪያዬን መሰብሰብ ስጀምር "ጠዋት ሁልጊዜ ይሠራል" አሉኝ። "ከሰዓት በኋላ ነው የሚተወኝ። ቆይና እዪው።"

እውነቱን ለመናገር መሄድ ፈልጌ ነበር። ጾም ነኝ፣ ጠምቶኛል፣ ሙቀቱም እየጨመረ ነው። ግን ወዴት ነው የምሄደው? የሚጠብቀኝ የለም። ቁጭ አልኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ዳቦና ቲማቲም አቀረቡ። እንደማልበላ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ የናቅኋቸው መሰላቸው። ጾም መሆኔን፣ ረመዳን መሆኑን ነገርኳቸው። "ራንዳን?" አሉ ተገርመው። ማልታዎችም የራሳቸውን ጾም፣ ሁዳዴውን፣ "ራንዳን" ነው የሚሉት ለካ። ዳቦውን በፎጣ ሸፍነው መልሰው አስቀመጡት፤ ግድ የለም ይብሉ ብላቸውም በእኔ ፊት እምቢ አሉ። ከዚያ ቃል መለዋወጥ ጀመርን። እሳቸው የማልታውን ይላሉ፣ እኔ የካርቱሙን እላለሁ። ዳር ቤት ነው፣ ባብ በር ነው፣ ቀልብ ልብ ነው። ግማሹ አንድ ነው። ከሰው ጋር እንዲያ ካወራሁ ስንት ወር እንደሆነኝ አላስታውስም።

ባላቸው ወደብ ላይ ሠርተው ጡረታ ሳይጠግቡ ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ኩዊንስላንድ ነው፤ በወር አንዴ ይደውላል። ከዚያ የጃንዋሪውን ነገር ነገሩኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር፤ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ከሰዓት በኋላ እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀው ግንባራቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተመታ፤ መነሳት አቃታቸው። ቁልፋቸውን ተጫኑ። ቀዩ መብራት በራ። መጡ ብለው መጠበቅ ጀመሩ። መብራቱ ሲጠፋ ደግመው ይጫናሉ፣ ደግሞ ይበራል። በማግስቱ ጠዋት የቆሻሻ ቅርጫታቸው አለመውጣቱን ያየ ጎረቤት እስኪያንኳኳ ድረስ ወለሉ ላይ ነበሩ።

"መብራቱ ባይበራ ኖሮ እየተሳብኩ ስልኩ ጋ ለመድረስ እሞክር ነበር" አሉኝ። "መብራቱን አምኜ ነው የተኛሁት።"

ማዕከሉ በመዝገባችን ላይ ምንም ጥሪ የለም፣ አልተጫኑትም አላቸው። ልጃቸውም ያንኑ አመነ፤ ስለ አረጋውያን ማቆያ ማውራት ጀመረ። እኔ ደግሞ ካርዱ ላይ የጻፍኩትን አስታውሼ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

አስር ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዞራ በመስኮቱ መደርደሪያውን መታችው። ውጪው ከአርባ ዲግሪ በላይ ሳይሆን አይቀርም። "አሁን" አሉና ተጫኑት። ቀዩ መብራት በራ። ካርሜን በማልትኛ መቁጠር ጀመሩ። ጠዋት ስልኩ የሚጮኸው ሃያ አምስት ሳይሞላ ነበር። ሃምሳ ደረሱ። መቶ ደረሱና አቆሙ። ስልኩ ዝም አለ፤ መብራቱ እንደበራ ነው።

ያን ዝምታ ዛሬም እሰማዋለሁ። ሁለታችንም ሳጥኑን እያየን ቆምን። እኔ ደህና ሆኜ፣ በእግሬ ቆሜ፣ አጠገቤ ሰው እያለ እንኳ ፈራሁ።

ደግመን ደጋግመን ሞከርን። አንዱም አልሠራም። ሳጥኑን በመዳፌ ስነካው ይፋጃል። ከፍቼ ሽቦዎቹን አየሁ፣ የበየድኩትን አየሁ፤ ሁሉም ደህና ነው። ባትሪውን ለካሁ፤ ደህና ነው። ላቤ እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ስለፋ አስራ አንድ ሰዓት ሆነ።

የሜልቦርንን አየር የሚያውቅ ያውቀዋል። በአንድ አፍታ ነፋሱ ዞረ። የጀርባው በር ተንጓጓ፣ መጋረጃው ተነፋ፣ ከባሕሩ በኩል ቀዝቃዛ አየር ገባ። ካርሜን ምርኩዛቸውን ይዘው መስኮቶቹን ሁሉ እየዞሩ ከፈቱ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ክንዴ ላይ ብርድ ተሰማኝ። ሳጥኑን ገጣጥሜ ቦታው መለስኩትና እንዲጫኑት ጠየቅኋቸው።

ሃያ ሦስት ላይ ስልኩ ጮኸ።

ካርሜን ስልኩን አንስተው ለሴትዮዋ "አላበድኩም" አሏት። ደጋግመው "አላበድኩም፣ አላበድኩም" እያሉ ያለቅሱ ነበር። እኔ ከወለሉ አልተነሳሁም። ገብቶኛል። ያው ሳጥን፣ ያው ሽቦ፣ ያው እጅ፤ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። ሲሞቅ የእኔ ካፓሲተር ይለወጣል፣ የመጀመሪያው ቺፕ ሰዓት ይዛባል፣ ፊደሎቹ ተበላሽተው ይደርሳሉ፣ ሁለተኛው ቺፕ የማያውቀውን መልእክት ጥሎ ዝም ይላል። መብራቱን የሚያበራው ግን የመጀመሪያው ስለሆነ መብራቱ ይበራል። ወርክሾፓችን ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ እኔም ሳስተካክለው አሙቄ ማየት ትዝ አላለኝም። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። እያወቅሁት ነው ያላሰብኩት።

እንዲህ ዓይነት ሳጥን ደግሞ ሃያ ሰባት ሌላ ቤት ውስጥ አለ።

ሰኞ እስኪመጣ ልጠብቅ የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም ብል ውሸት ነው። መጥቶብኛል። ሥራዬን ካጣሁ ምን ይውጠኛል? ዝም ብዬ አንድ በአንድ እየጠራሁ ብቀይራቸውስ? ይህን ሳስብ ካርሜን ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሊሰጡኝ ብርጭቆ አንስተው፣ ጾሜን አስታውሰው መልሰው አስቀመጡት። በእሳቸው ስልክ የግሬግን ቤት ደወልኩ።

ሚስቱ አነሳች፤ ከጀርባ የልጆች ድምፅ ይሰማል። ግሬግ ሲመጣ በመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠራሁት። ያየሁትን በሙሉ ነገርኩት። እንግሊዝኛዬ ቢሰባበርም አላቋረጠኝም። መጨረሻ ላይ "የእኔ ሐሳብ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩት።



"የፈረምኩት እኔ ነኝ" አለኝ። ከዚያ የነገውን አየር ጠየቀኝ። አላውቅም ስለው ራሱ ጋዜጣ ገልጦ እሁድና ሰኞ ቀዝቃዛ፣ ማክሰኞ ግን ሠላሳ ስምንት እንደሆነ ነገረኝ። ለማዕከሉ አሁኑኑ እደውላለሁ፣ ለሃያ ስምንቱም ከሰዓት በኋላ እየደወሉ እንዲጠይቁ አደርጋለሁ አለ። የታዘዘው ክሪስታል ደርሶ፣ በእሱ የተሠሩ አዳዲስ ሳጥኖች ወርክሾፑ ውስጥ ተደርድረው ነበር። "ነገ አንድ ሰዓት ላይ ብሬብሩክ መጥቼ እወስድሻለሁ" ብሎ ዘጋው።

የዚያን ቀን ጾሜን ያፈጠርኩት ካርሜን ጠረጴዛ ላይ ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ በመስኮቱ አብረን ጠበቅን። በውኃ አፈጠርኩና ሸፍነውት የዋሉትን ዳቦ ዘይት ቀብተው ለሁለት ቆረሱት። እሳቸውም ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም ነበር።

እሁድ ከግሬግ ጋር በመኪናው ቤት ለቤት ዞርን። እኔ እቀይራለሁ፣ እሱ ከባለቤቶቹ ጋር ይነጋገራል፤ በየቤቱም ሳጥኑ ከሰዓት በኋላ ላይሠራ ይችል እንደነበር ሳይደብቅ ይነግራቸዋል። አንዳንዶቹ ተቆጡ። አብዛኛዎቹ ስለመጣንላቸው ብቻ ደስ ብሏቸው ሻይ ጠጡ እያሉ ለመኑን። ሃያ ሰባተኛው ሰንሻይን ውስጥ የአንድ አዛውንት ቤት ነበር። ብናንኳኳ የሚከፍት ጠፋ። ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ ባለፈው ሐሙስ አምቡላንስ እንደወሰዳቸው ነገረችን። ሐሙስ ደግሞ ሞቃት ቀን ነበር። ከወደቁ በኋላ ብዙ ሰዓት ቆይተው ነው የተገኙት። ቁልፉን ተጭነው እንደሆነ ታውቅ እንደሆን ግሬግ ጠየቃት። አላውቅም አለች።

መኪናው ውስጥ ገብተን ግሬግ ሞተሩን ሳያስነሳ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ። በኋላ ማዕከሉን ስንጠይቅ ሰውየው ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው እንዳልተመለሱ፣ በዚያው እንዳረፉ ሰማን። ልባቸው ይሁን፣ መውደቃቸው ይሁን፣ ዘግይተው መገኘታቸው ይሁን የነገረን የለም። መዝገቡ ላይ በዚያ ሐሙስ ከእሳቸው ቤት ጥሪ አልነበረም። ካርሜን በወደቁ ቀንም ከእሳቸው ቤት ጥሪ አልነበረም።

ግሬግ የሆነውን ሁሉ ለማዕከሉ በደብዳቤ ጻፈ። አላባረረኝም። አሮጌ የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ ገዝቶ አመጣና ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሳጥን እዚያ ውስጥ ሞቆ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ በርዶ ሳይፈተን አይወጣም አለ፤ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። ሦስት ዓመት ሠራሁት።

ካርሜን ዘንድ ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ጀመርኩ። ካርዱ ላይ የጻፍኩትን ለመናገር ግን ወራት ፈጀብኝ። አንድ ቀን አተር እየፈለፈልን ሳለ አወጣሁት። እጃቸውን ሳያቆሙ አዳመጡኝ።

"እውነትሽን ነው" አሉኝ። "የሰው ድምፅ ለመስማት ብዬ ተጭኜዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ነበር የሚብሰኝ። ሁልጊዜም መለሱልኝ።" ጥቂት ፈልፍለው ቀጠሉ። "ስወድቅ ብቻ ነው ያልመጡት።"

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም፤ ቅዳሜ አትምጪም አላሉኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጃቸው ወደ ኩዊንስላንድ ወሰዳቸው። ጥቂት ጊዜ ተደዋወልን፤ ከዚያ ተቋረጠ።

አሁን ሳስበው ለካፓሲተሩ ስህተት ራሴን ይቅር ብያለሁ። ወጣት ነበርኩ፣ ሰው እንዲሰማኝ ቸኩዬ ነበር፤ ስህተቱም ለብዙ ሳጥን ትምህርት ሆነ። ካርዱ ላይ የጻፍኳት መስመር ግን እስከዛሬ ታሳፍረኛለች። ስጽፋት ሴትዮዋን አንድ ቀን እንኳ አላየኋቸውም፤ የራሴን ኑሮ ነበር በእሳቸው ላይ የጻፍኩት።

የሰንሻይኑን አዛውንት ደግሞ መቼም አላውቃቸውም። ስማቸውን እሁድ ዕለት ከዝርዝሩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነበብኩት። ሙስሊም አልነበሩም፤ እንዴት መጸለይ እንዳለብኝም አላውቅም። ቢሆንም ዱዓ ሳደርግ ከእናቴ ስም ቀጥዬ የእሳቸውን እጠራለሁ።